ጦስኝ አይፈላም፦ የጦስኝ ሻይ ከገበያ እስከ ብርጭቆ

ስለ ጦስኝ ሻይ የሚደርሰኝ ስሞታ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «ይመረኛል» ይላል። ሌላው «ቤቱን ያውደዋል፤ ስጠጣው ግን ውሃ ውሃ ይለኛል» ይላል። ሦስተኛው ጥርሱ መሃል አሸዋ እንደሚንቋቋበት ይነግረኛል። ሦስቱም ቅጠሉ ላይ ይፈርዳሉ። ቅጠሉ ግን ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚህ ወቅት እኛ ቤት ጦስኝ ሳይቀርብ አይመሽም። ስለዚህ የምጽፈው በየቀኑ ከምሠራው ተነስቼ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከአነጋገራችን ይመስለኛል። «ሻይ አፍሉ» እንላለን። ከዚያ ዝንጅብሉንም፣ ቀረፋውንም፣ ጦስኙንም አንድ ላይ ከትተን እናንተከትካለን። ጦስኝ ግን አይፈላም። የሚፈላው ውሃው ነው። የጦስኝ ጣዕምና ሽታ ያለው ቅጠሉ በያዘው ዘይት ውስጥ ነው፤ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ዋናዎቹ ናቸው። ይህ ዘይት ሙቀት ሲያገኝ ከእንፋሎት ጋር ብን ብሎ ይሄዳል። ቤቱን ሲያውደው ደስ ይለናል። ያ ሽታ ግን ብርጭቋችን ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ምሬቱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ። መሃል ላይ ማጥለያ ፍለጋ ስትሄዱ ሻዩ ይመርባችኋል።

- ክዳኑ በደንብ የሚገጥም በራድ ወይም ድስት። የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ቢሆን ጥሩ ነው።
- ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሻይ ማጥለያ። የጦስኝ ቅጠል ትንሽ ስለሆነ በሰፊው ማጥለያ ያመልጣል።
- ጎድጓዳ ሳህን፣ ለማጠቢያ።
- የሻይ ማንኪያ፣ ለመለኪያ።
- ሰዓት። የስልካችሁ ይበቃል።

ጀበና አትጠቀሙ። ሸክላ ሽታ ይይዛል። አንድ ጊዜ ጦስኝ የገባበት ጀበና ለሳምንት ያህል ቡናውን ጦስኝ ጦስኝ ያሰኘዋል።

ለ4 ሰው ልኩ ይህ ነው፦

- ውሃ፣ 1 ሊትር ከግማሽ ብርጭቆ። ግማሽ ብርጭቆው ሲፈላ ለሚተንነው ነው።
- ደረቅ ጦስኝ፣ 4 የሻይ ማንኪያ፣ ሳይጫን። እርጥብ ከሆነ እጥፉን አድርጉ።
- ዝንጅብል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል።
- ቀረፋ፣ ግማሽ ጣት የምታህል አንድ ስባሪ።
- ማር ወይም ስኳር፣ እንደየምርጫችሁ።

ቅርንፉድ የምትወዱ ከሆነ 2 ፍሬ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የጦስኙን ጣዕም ይውጠዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ግን ምንም ሳትቀላቅሉ ጦስኝ ብቻውን ሥሩት። ጣዕሙን ሳታውቁት ቅመም ከጨመራችሁበት የትኛው እንደተበላሸ መለየት አትችሉም።

ደረጃ 1፦ ጥሩ ጦስኝ ምረጡ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ጣርማ በር ስንወጣ መንገድ ዳር ጦስኝ ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት እናት ጋ ቆምን። «እማማ፣ የዘንድሮ ነው?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ከእስሩ አንዲት ዘንግ መዘዙና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል እሽት አደረጓት። ከዚያ ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት። «አሽቺው ልጄ። ካልሸተተሽ አትግዢኝ» አሉኝ። ሽታው ዓይኔን እስኪያስነባኝ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሳላሽ ገዝቼ አላውቅም።

እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

1. እሹት። ሽታው ወዲያው መምጣት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ አሽታችሁ ድርቆሽ ድርቆሽ ካለ ተዉት።
2. ቀለሙን እዩ። አረንጓዴ ወይም ወደ አመድማ የሚያደላ አረንጓዴ ይሁን። ቡናማ ወይም ገለባ የመሰለ ከሆነ ወይ አሮጌ ነው፣ ወይ ፀሐይ ላይ ሰንብቷል። ሐምራዊ አበባ ያለበት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ።
3. እንጨቱን መዝኑ። ወፍራም ወፍራም ግንድ ከበዛበት ገንዘባችሁን ለጭራሮ ነው የከፈላችሁት።
4. ሥሩን ተመልከቱ። ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነቀለ ከሆነ አትግዙ።

አራተኛውን አደራ እላለሁ። ጦስኝ መሬት ላይ ተኝቶ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ከተነቀለ ግን በዚያው አለቀ። እኛ የተነቀለውን መግዛት ካቆምን ሻጩም መንቀል ያቆማል። ራሳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ በመቀስ ወይም በማጭድ ከጫፉ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ውሰዱ። መንዝ ላይ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የራሱ ሕግ አለው። እዚያ ለጉብኝት ስትሄዱ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደረጃ 2፦ አድርቁትና አስቀምጡት

ደረቅ የገዛችሁ ከሆነ ቤት ስትደርሱ አንዷን ዘንግ ስበሩ። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቋል። ከተጠመዘዘች ገና ነው፤ እንዲሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከከተታችሁት ይሻግታል።

1. ሰፌድ ላይ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። አትከምሩት።
2. ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ አኑሩት። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ቀለሙና ሽታው ግን አብሮ ይሄዳል።
3. በቀን አንድ ጊዜ አገላብጡት። በበጋ ከ4 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል።
4. ሲደርቅ በሁለት መዳፋችሁ መሃል ቀስ ብላችሁ እሹትና ቅጠሉን ከዘንጉ አራግፉ። ከዚያ ሰፌዱን እያነቃነቃችሁ አንፍሱት። አቧራውና ጭራሮው የሚለየው እዚህ ነው።
5. ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። የገዛችሁበትን ወር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት።

በክረምት፣ በተለይ ጉሙ ቀን ከሌት በማይነሳበት እንደ ደብረ ሲና ባለ አገር፣ ቅጠሉ ዘርግታችሁት እርጥበት ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለማድረቅ አትሞክሩ። የዓመቱን ከመስከረም በኋላ ያዙ።

ዕቃውን ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከላምባ አርቁት። ምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያም አይሆንም፤ እንፋሎት ይደርሰዋል። በደንብ የተያዘ ጦስኝ ዓመት ይቆያል። ነጭ ወይም ግራጫ ድር የመሰለ ነገር ካያችሁበት፣ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተታችሁ፣ ሁሉንም ጣሉት። የተበላሸውን ለይቼ ቀሪውን እጠቀማለሁ አይባልም።

ደረጃ 3፦ አሸዋውን አውጡ

ብዙ ሰው ማጥለያ ላይ አድርጎ ውሃ ያፈስበትና ታጠበ ይላል። አሸዋው ግን ቅጠሉ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ጦስኝ መሬት ለመሬት ስለሚያድግ ዝናብ ሲመታው አፈሩ ይረጭበታል። እንዲህ እጠቡት፦

1. ጎድጓዳ ሳህኑን በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉት።
2. የለካችሁትን ጦስኝ ከላይ በትኑበት። ቅጠሉ ይንሳፈፋል።
3. በጣታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ጫን ጫን አድርጉት። 10 ሰከንድ ይበቃል።
4. ቅጠሉን ከላይ በእጃችሁ ወይም በማጥለያ ቅረፉት።

አራተኛው ላይ ነው ስህተቱ። ሳህኑን ማጥለያ ላይ አትገልብጡ። ከገለበጣችሁት የሰመጠው አሸዋ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። ቅጠሉን ካነሳችሁ በኋላ ሳህኑን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ከታች ቡናማ ቀጭን መስመር ታያላችሁ። ብዙ ከሆነ አንዴ ድገሙት።

በሙቅ ውሃ አትጠቡ። ዘፍዝፋችሁም አትተዉት። ሁለቱም ጣዕሙን ይወስዱባችኋል።

ደረጃ 4፦ ውሃውንና ጠንካራውን ቅመም አፍሉ

እዚህ ላይ የምትኖሩበት ከፍታ ለውጥ ያመጣል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። መንዝ ያለችው የመሃል ሜዳ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ታች ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 96 ዲግሪ ይጠጋል። መንዝ ላይ ሽምብራ ለመብሰል ለምን እንደሚያስቸግር የምታውቁ እናቶች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እሳት ብትጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም። ውሃው ብቻ ቶሎ ያልቅባችኋል። መጨመር ያለበት ጊዜው ነው።

1. ዝንጅብሉን እጠቡና በሙቀጫ ደቆስ አድርጉት። ልጣጩ ንጹሕ ከሆነ አትላጡት።
2. ውሃው ገና ቀዝቃዛ እያለ ዝንጅብልና ቀረፋውን ጨምሩ። ቅርንፉድ ካለ አሁን ነው።
3. ክደኑና መንተክተክ እስኪጀምር ጠብቁ።
4. መንተክተክ ከጀመረ በኋላ እሳቱን ቀንሱ። ሸዋ ሮቢት ላይ 10 ደቂቃ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 15፣ መንዝ ላይ እስከ 20 ደቂቃ ቆዩ።

ቅመም የማትጨምሩ ከሆነ ውሃው ብቻ ይንተከተክ። ውሃው የምንጭ ወይም የጉድጓድ ከሆነ ግን ከመንተክተኩ ጀምሮ ሙሉ 3 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ጀርም ለመግደል የሚያስፈልገው እሱ ነው። የቧንቧ ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ከሸተታችሁ በሰፊ ዕቃ ቀድታችሁ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ አሳድሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በከሰል የምታፈሉ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ። አንድ የታኅሣሥ ማታ ከአክስቴ ጋር በሩን ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ የከሰል ምድጃውን መሃል አድርገን ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ብርድ መቶኝ ነው ብዬ ወደ ፍሙ ይበልጥ ተጠጋሁ። አክስቴ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። እንደምንም በሩን ከፍተን ግቢ ወጣን። የከሰል ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ነው የሚወስደው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፣ ሻዩንም ውጭ አፍሉት። ፍም ያለበት ምድጃ ይዛችሁ አትተኙ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ። ካልተሻላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደረጃ 5፦ አውርዱ፣ ጦስኙን ጨምሩ፣ ክደኑ

የዚህ ጽሑፍ ልቡ እዚህ ነው።

1. በራዱን ከእሳት አውርዱ። መንተክተኩ ጸጥ ይበል። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ ዳር ላይም አትተዉት።
2. ያጠባችሁትን ጦስኝ ጨምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉት።
3. ወዲያው ክደኑት። ክዳኑ ክፍተት ካለው ከላይ ሳህን ድፉበት።
4. በራዱን በወፍራም ፎጣ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። የደጋ ቤት ቀዝቃዛ ነው። ካልጠቀለላችሁት ጣዕሙ ሳይወጣ ውሃው ለብ ይላል።
5. 6 ደቂቃ ያዙ። ደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ላላችሁ እስከ 8 ደቂቃ ይሄዳል።

በመሃል አትክፈቱ። «እስቲ ልየው» እያልን ስንከፍት የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ጊዜው ሲደርስ ክዳኑን አንሱና ከሥሩ ተመልከቱ። ጠብታዎች ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። አሽቷቸው። ከራሱ ከሻዩ በላይ ይሸታሉ። መልሳችሁ ወደ በራዱ አራግፏቸው።

ደረጃ 6፦ አጥልሉ

ሰዓቱ ሲሞላ ሙሉውን አጥልሉ። የሚጠጣውን ብቻ እየቀዳችሁ ቅጠሉን በራዱ ውስጥ አትተዉት። የመጀመሪያው ብርጭቆ ይጥማል፤ ሦስተኛው ይመራል።

ለፔርሙዝም ሕጉ ያው ነው። ቅጠሉን ከነውሃው ፔርሙዝ ውስጥ አድርገው ወደ ሥራ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ረፋድ ላይ ሲጠጡት ፊታቸው ይጨማደዳል። ፔርሙዙን በሙቅ ውሃ አለቅልቁ፣ ሻዩን አጥልላችሁ ገልብጡ፣ ክደኑ። ቡና የገባበት ፔርሙዝ ለጦስኝ አይሆንም።

ብርጭቆዎቹንም ከመቅዳታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ አሙቋቸው። ጠዋት ጠዋት መደርደሪያ ላይ ያደረ ብርጭቆ እንደ በረዶ ነው፤ ሙቅ ሲገባበት ሊሰነጠቅም ይችላል።

ማር የምትጨምሩ ከሆነ ሻዩ አፍ የማያቃጥል ሲሆን ጨምሩ። በጣም ሲሞቅ የማሩ መዓዛ ይጠፋል። ስኳር በማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ሎሚ 3 ጠብታ በቂ ነው።

ሲበላሽባችሁ

መረረ። ሁለት ምክንያት አለው፦ ወይ ፈልቷል፣ ወይ ቅጠሉ ቆይቶበታል። አጥልሉትና በሙቅ ውሃ በእጥፍ አቅጥኑት። ማር ትንሽ ይረዳል። ስኳር ላይ ስኳር አትጨምሩ፤ ምሬቱ አይሄድም። በሚቀጥለው ጊዜ 2 ደቂቃ ቀንሱ።

ቀጠነ፣ ውሃ ውሃ አለ። መልሳችሁ እሳት ላይ እንዳትጥዱት። 2 የሻይ ማንኪያ ጦስኝ በአንድ ብርጭቆ የሚንተከተክ ውሃ ለብቻው ነክራችሁ፣ ከድናችሁ፣ አጥልላችሁ ቀላቅሉበት። ይህም ካልረዳ ቅጠሉ አርጅቷል።

ጉሮሮ ፈጀ። ጦስኙ በዝቷል። አቅጥኑት። አንዳንድ ሰው የበዛ መጠን ይበልጥ የሚያድን ይመስለዋል። ሆድ ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም።

አሸዋ አለው። በራዱን ሳትነቀንቁ 3 ደቂቃ አስቀምጡ። ከላይ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል ድፉት።

ወተቱ ተቆራረጠ። ከሎሚ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም በደንብ ያልፈላ ዝንጅብል ነክቶታል። ጥሬ ዝንጅብል ወተት ያቆራርጣል። የወተት ሻይ ከፈለጋችሁ ዝንጅብሉን መጀመሪያ በውሃ በደንብ አፍሉት፣ ወተቱን በመጨረሻ ጨምሩ። እኔ ግን ጦስኝን ከወተት ጋር አልወደውም። መዓዛውን ያዳፍነዋል።

ከሻይ ቅጠል ጋር

እንግዳ ሲመጣ ጦስኙን ከተለመደው ሻይ ቅጠል ጋር ማዋሃድ ጥሩ ነው። የጦስኙን መጠን በግማሽ ቀንሱ። በራዱን እንዳወረዳችሁ 1 የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠልና 2 የሻይ ማንኪያ ጦስኝ አንድ ላይ ጨምሩ። ሻይ ቅጠል ከጦስኝ ይልቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንደወረደ፣ ሳትዘገዩ። 4 ደቂቃ ሲሞላ አጥልሉ። ከዚያ ካለፈ ምላስ የሚያደርቅ ይሆናል።

ማታ ከሆነ ሻይ ቅጠሉን ተዉት። እንቅልፍ የሚነሳው ካፌይን ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ጦስኝ ውስጥ የለም።

ለሌሎቹ ቅጠሎች

ሕጉ አንድ ነው። ሥር፣ ልጣጭና ፍሬ ይፈላል። ቅጠልና አበባ ይነከራል። የሚለያዩበትን ብቻ ልንገራችሁ።

ናና። ልክ እንደ ጦስኝ፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። እርጥቡ ይበልጣል።

ጠጅ ሳር። ግንዱን በቢላ ጀርባ ደቅድቁት፣ በጣት ርዝመት ቁረጡት፣ 7 ደቂቃ አፍሉት። ይህ ሣር ጠንከር ስለሚል ይፈላል። ጓሮ የምትተክሉ ከሆነ ውርጭ ያቃጥለዋልና በጥቅምት በባልዲ አድርጋችሁ ወደ ቤት አስገቡት።

ቀጋ። ልጆች ከቁጥቋጦው ላይ እየለቀሙ የሚበሉት ፍሬ ጥሩ ሻይ ይወጣዋል፤ ጎምዘዝ ይላል። ፍሬውን ለሁለት ክፈሉና ውስጡን በማንኪያ ጫፍ ጥርግ አድርጋችሁ አውጡ። ዘሩ ዙሪያ ያለው ጥቃቅን ፀጉር ጉሮሮ ይቧጥጣል። የጸዳውን ልጣጭ አድርቁት። ለአንድ ብርጭቆ 1 የሾርባ ማንኪያ አድርጉ፣ 10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይፍላ፣ 5 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። ከዚያ በጨርቅ አጥልሉ፤ ማጥለያ ብቻ ፀጉሩን አይዝም።

ጤና አዳም። አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ብርጭቆው ውስጥ፣ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ አውጡት። እንደ ጦስኝ በማንኪያ የሚለካ አይደለም። እርጥቡን ስትቆርጡ ጭማቂው ቆዳችሁን ከነካ ታጠቡ። ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል።

ባሕር ዛፍ። ለመታጠን እንጂ ለመጠጣት አይደለም። በሻይ መልክ አትጠጡት፣ ለልጅም አትስጡ።

ማን ይጠንቀቅ

ጦስኝ ደስ የሚል መጠጥ ነው። ያሞቃል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ከምግብ በኋላ ሆድን ቀለል ያደርጋል። በቀን 2 ወይም 3 ብርጭቆ ለጤነኛ ሰው በቂ ነው። መድኃኒት ግን አይተካም። ይህን የምለው አንዲት ጎረቤታችን ያደረጉትን ስላየሁ ነው። የደም ግፊት ክኒናቸውን ትተው «ጦስኝ ይሻለኛል» ብለው ወራት ቆዩ። ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ልጆቻቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት ሲያደርሷቸው ግፊታቸው ከልክ አልፎ ነበር። እባካችሁ፣ ክኒናችሁን ሳትተዉ ጠጡት። ለሐኪማችሁም ንገሩት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጤና አዳም አትጠጡ፤ ማሕፀን ያነቃቃል። ጦስኝም በቀን ከአንድ ቀጭን ብርጭቆ አይለፍ፤ እሱንም ከሐኪም ወይም ከአዋላጅ ነርስ ጋር ተነጋግራችሁ ይሁን።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ዝንጅብልና ጦስኝ በብዛት ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ማርም ስኳር ነው።

ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣ። ሻይ ቅጠልም ሆነ ጦስኝ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ይይዙታል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ለልጆችም እንደዚሁ፤ ዳቦን በሻይ ማብላት የለመድንበት ነገር ነው፣ ግን አይጠቅማቸውም።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጦስኝም፣ ጤና አዳምም፣ የስኳር ውሃም አይሰጥም። የእናት ጡት ብቻ። አያቶች ለሆድ ቁርጠት ብለው ሊሰጡ ሲሉ በትሕትና፣ ግን ሳታመነቱ ከልክሉ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ለሕፃን አይቀመስም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም አዋቂን አይነካም፤ የሕፃንን ጡንቻ ግን ያዝላል፣ ትንፋሽም ሊያሳጣ ይችላል።

በመጨረሻ ስለ ሳል። ጦስኝ ለሳል ብለን ነው አብዛኞቻችን የምንጠጣው። ለተራ ጉንፋን ጠጡት። ነገር ግን ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው፣ ማታ ማታ የሚያልባችሁ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ፣ በራዱን አስቀምጡና በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «የአክታ ምርመራ እፈልጋለሁ» በሉ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሕክምናም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።